የጠፋ ደብዳቤ ከየት ይመለሳል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። አበው ይህን ሲሉ በሐሳባቸው የነበረው ብራናና ቀለም ነው። ለመሆኑ በኮምፒዩተር ያለውስ? ይረሳል ወይስ ይወረሳል? ይህ ጥያቄ እኔን የገጠመኝ በአንድ የኮምፒዩተር መጠገኛ ቤት ደጃፍ ነው።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። እቤት የነበረው ኮምፒዩተር ሲከፍቱት እየዘገየ፣ ሲጽፉበት እየደረቀ አስቸገረን። ተሸክሜ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ወጣቱ ጠጋኝ ከፈት አድርጎ አየውና «ጋሼ፣ ቫይረስ ጨርሶታል። ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደገና ካልተጫነበት አይሠራም» አለኝ። ቀጥሎም «የሚወጣ ዳታ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ጽሑፎቼንና የቤተሰቡን ፎቶግራፎች እንዲያወጣልኝ ነግሬው ሄድኩ። ታክሲ ስጠብቅ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ክው አልኩ። ደብዳቤዎቹ!

ዋሽንግተን ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋር ለስድስት ዓመታት የተጻጻፍነው ሁሉ ያለው እዚያው ማሽን ውስጥ ነበር። ከደብዳቤዎቹም ብዙዎቹ የእናቴ ናቸው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ አጠገቤ ቁጭ ትልና «በል ጻፍ» ትለኛለች፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ አማርኛውን በላቲን ፊደል እለቅማለሁ። በዚያን ጊዜ እህቴ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የአማርኛ ፊደል አልነበረምና ሌላ መንገድ አልነበረንም። ሮጬ ተመለስኩ። ልጁ ገና አልጀመረውም። «እሺ ጋሼ፣ ኢሜይሉንም በሲዲ አደርግልዎታለሁ» አለኝ፤ እንዳለውም አደረገ።

እኔም ሲዲውን ይዤ ተደስቼ ገባሁ። ደብዳቤዎቹ ግን ሲዲው ላይ በመቀመጣቸው ብቻ አልተመለሱም። ለካስ ማስቀመጥ አንድ ሥራ፣ መመለስ ሌላ ሥራ ኖሯል! በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እኔን ብቻ ያስጨነቀ እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካን ቤተ መንግሥት ሳይቀር ፍርድ ቤት ያቆመ ነው። ታሪኩን ከመነሻው ላውጋችሁና በመጨረሻ ወደ እናቴ ደብዳቤዎች እመለሳለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌሊት ከሌሊት የሚቀዳው ጋኔን

የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ከመወለዱ በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ተወልዷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ.፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባለ ሊቅ የሚመራው ቡድን አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጋሩበትን ዘዴ ሠራ። ማሽኑ አይ.ቢ.ኤም. 7094 የተባለው ነበር። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ሰው ሥራውን በተበሳ ካርድ ይዞ ይመጣና ውጤቱን ይዞ ይሄዳል። አሁን ግን ሥራው እዚያው ማሽን ውስጥ ያድራል። የሁሉም ሰው ሥራ በአንድ ዲስክ ላይ ካደረ ደግሞ ዲስኩ የተበላሸ ዕለት የሁሉም ሥራ ይጠፋል።

ስለዚህ ማንም ሳያዝዘው የሰዎቹን ፋይሎች ወደ ማግኔት ቴፕ የሚቀዳ ፕሮግራም ተሠራ። ሠሪዎቹም ይህን ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፕሮግራም «ዴመን» አሉት። ስሙን የወሰዱት ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው ስኮትላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ በሐሳቡ ከፈጠረው፣ ደከመኝ ሰለቸኝ ሳይል ሞለኪውሎችን ሲለይ ከሚውል ምናባዊ ፍጡር ነው። ኮርባቶ በኋላ እንዳስታወሰው ቃሉን ለኮምፒዩተር ሥራ የተጠቀሙበት ከ1963 ጀምሮ ሲሆን፣ የመጀመሪያውም ዴመን ይኸው የመጠባበቂያ ቅጂ ሠሪው ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ፕሮግራሞች አሉ። አባታቸው ግን ቅጂ ጸሐፊ ነበር ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1965 ቶም ቫን ቭሌክና ኖኤል ሞሪስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በዚያው ማሽን ላይ አንዱ ተጠቃሚ ለሌላው መልእክት የሚተውበትን ፕሮግራም ጻፉ። መልእክቱ የሚቀመጠው በተቀባዩ ስም በተከፈተ ፋይል ውስጥ ነው። ስሙም «የደብዳቤ ሣጥን» ነበር። በ1971 ደግሞ ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ መልእክት ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ እንዲሻገር አደረገ፤ ዛሬ በየአድራሻችን መካከል የምናየውን የ@ ምልክት የመረጠውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ፋይል ነው። ፋይል ከሆነ ደግሞ ያ ዴመን ይቀዳዋል። ጸሐፊው የማያውቀው፣ ያላዘዘው፣ የት እንዳለ እንኳ የማይጠይቀው መንትያ ያለው ደብዳቤ በሰው ልጅ ታሪክ ሲመጣ ይህ አዲስ ነገር ነበር። መንትያው ዝምተኛ ነውና ለሃያ ዓመታት ያህል ከባለሙያዎች በቀር ብዙ ሰው አላሰበውም። ሰው ያሰበው ዕለት ግን ዓለም ሁሉ ሰማ።

የቤተ መንግሥቱ ቴፖች

በ1980ዎቹ አጋማሽ በፕሬዚዳንት ሬገን ቤተ መንግሥት የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት ሠራተኞች «ፕሮፍስ» በተባለ የአይ.ቢ.ኤም. ሥርዓት መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ምክር ቤቱን በበላይነት የሚመራው አድሚራል ጆን ፖይንዴክስተር ነው። ከሥሩ ያለው ሌተና ኮሎኔል ኦሊቨር ኖርዝ መልእክቱን ማንም በመሃል ሳያየው በቀጥታ ለእሱ የሚልክበት ልዩ መንገድም ተከፍቶለት ነበር። በዚህ መንገድ ያለፉት መልእክቶች ስለ ሁለት ምስጢሮች ይናገራሉ። አንደኛው ለኢራን በድብቅ ስለሚሸጥ መሣሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ የኒካራጓን መንግሥት ለሚወጉት ለኮንትራ ታጣቂዎች ስለ መዋሉ ነው።

በኖቬምበር 1986 መጀመሪያ አንድ የሊባኖስ መጽሔት የመሣሪያውን ሽያጭ ወሬ አወጣ። ወሩ ሳያልቅ ነገሩ ተግተለተለ። ኖርዝ ወረቀቶቹን በመቁረጫ ማሽን አደቀቀ። በኮምፒዩተሩም ላይ እሱ ከ700 በላይ፣ አለቃው ፖይንዴክስተር ደግሞ ከ5,000 በላይ መልእክቶችን አጠፉ። ቁልፏን ተጫኑ፣ መልእክቱ ከዓይናቸው ተሰወረ፤ በቃ ጠፋ ብለው አመኑ።

ዴመኑ ግን ሥራውን ሠርቶ ኖሯል። የቤተ መንግሥቱን መገናኛ የሚያስተዳድረው ክፍል ኮምፒዩተሩን በየጊዜው ወደ ቴፕ ይቀዳ ነበር። እንደ ወትሮው ቢሆን ቴፖቹ ጥቂት ሰንብተው ሌላ ይቀዳባቸዋል። የክፍሉ ቋሚ ሠራተኞች ግን ነገሩ ምርመራ እንደሚያስከትል ሲያዩ ማጥፋቱ ከመጀመሩ በፊት በኖቬምበር አጋማሽ የተቀዱትን ለብቻ አስቀመጡ። በዲሴምበር 1986 በቀድሞው ሴናተር ጆን ታወር የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ሲቋቋም እነዚያ መልእክቶች ከቴፑ ተመለሱ። በፌብሩዋሪ 1987 የወጣው የኮሚሽኑ ሪፖርት ብዙውን ታሪክ የተረከው በራሳቸው በባለሥልጣናቱ ቃል ነው። ኖርዝም በዚያው ዓመት በኮንግረሱ ፊት ቀርቦ፣ ቁልፏን ሲጫኑ መልእክቱ ለዘላለም የሚጠፋ መስሏቸው እንደነበረና እጅግ መሳሳታቸውን ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተከሰው ተፈረደባቸው። ይሁንና ለኮንግረሱ የሰጡት ቃል በክሱ ላይ እንዳይጠቀስባቸው ዋስትና ተሰጥቷቸው ስለነበር ፍርዱ በይግባኝ ፈረሰ። ቴፑ ታሪክን ሲመልስ ፍትሕን ግን መመለስ አልቻለም። ቅጂ የሚችለውና የማይችለው ነገር እንዳለ ከዚሁ እንረዳለን።

ፖስታው ከሌለ ደብዳቤው ሙሉ ነውን?

ሁለት ዓመት አለፈ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1989 ሬገን ቤተ መንግሥቱን ለቀው ሊወጡ አንድ ቀን ቀርቷቸዋል። የወጪው መንግሥት መልእክቶች ሁሉ ከነቴፖቻቸው ሊደመሰሱ ነው። በዚያች ዕለት ናሽናል ሴኩሪቲ አርካይቭ የተባለው መንግሥታዊ ያልሆነ ተቋምና መሥራቹ ጋዜጠኛ ስኮት አርምስትሮንግ ከሌሎች ጋር ሆነው ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛ ባሪንግተን ፓርከርም ቴፖቹ እንዳይነኩ አገዱ።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የመንግሥት ጠበቆች መከራከሪያ ቀላል ይመስላል። አስፈላጊ የሆነው መልእክት በወረቀት ከታተመ በኮምፒዩተር ያለው ቢጠፋ ምን ጉዳት አለው? የሚል ነው። ከሳሾቹ ግን በወረቀቱ ላይ የማይወጣ ነገር እንዳለ አሳዩ። መልእክቱ ለማን ለማን እንደደረሰ፣ መቼ እንደደረሰ፣ የትኛው ለየትኛው መልስ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ያውቃል፤ የታተመው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ይህን አይዝም። እኛ በለመድነው ቋንቋ እንናገር ብንል፣ ደብዳቤውን አስቀምጦ ፖስታውን ከነማኅተሙ እንደ መጣል ነው። ማን ምን ያውቅ ነበር? መቼ ዐወቀ? ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖስታው ነው።

በጃንዋሪ 1993 ዳኛ ቻርልስ ሪቺ ኤሌክትሮኒኩ መልእክት ራሱ መዝገብ እንደሆነና ወረቀቱ እንደማይተካው ፈረዱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት በኦገስት አጸናው። ነገሩ ግን በፍርድ አላበቃም። ያን ጊዜም ሌላ ፕሬዚዳንት፣ ጆርጅ ቡሽ አባትየው፣ ቤተ መንግሥቱን እየለቀቁ ነበርና በመጨረሻው ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ቴፖች በጥድፊያ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጓዙ። የቤተ መዛግብቱ ሰዎች የተረከቡት ደብዳቤ ቢባልም በእጃቸው የገባው ቴፕ ነው። ቴፕ ያረጃል፤ የሚያነበው ማሽንና ፕሮግራም ከሌለ ከተራ ፕላስቲክ አይለይም። ወደ አዲስ ቴፕ መገልበጥ፣ የተጎዳውን መጠገን፣ ምኑ ምን እንደሆነ መለየት ነበረባቸው። ማስቀመጡ የአንድ ሌሊት ሥራ ሲሆን መመለሱ ዓመታት ጠየቀ።

ደብዳቤው ቤት ገባ

እስካሁን የተናገርነው ጠባቂና ቴፕ ስላላቸው ትላልቅ ማሽኖች ነው። የግል ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን አንድ ትልቅ ለውጥ ተከተለ። በ1984 «ፖፕ» የተባለ የአሠራር ደንብ ወጣ። የዚህ ደንብ አሠራር እንደ ፖስታ ቤት ሣጥን ነው። ሰውየው ቁልፉን ይዞ ይመጣል፣ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ዶርነር የሠራው «ዩዶራ» የተባለው ፕሮግራም፣ በኋላም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው «አውትሉክ ኤክስፕረስ» ይህን አሠራር በየቤቱ አስገቡት። የስልክ መስመር በደቂቃ በሚከፈልበትና ሣጥኑም ጠባብ በሆነበት ዘመን ይህ ብልህ መላ ነበር። ነገር ግን ያ በየሌሊቱ የሚቀዳው ዴመን እቤታችን ተከትሎን አልመጣም። ደብዳቤው አንድ ቅጂ ብቻ ሆነ፤ እሱም በእኛው ጠረጴዛ ላይ።

ወደ አገራችንም ነገሩ የመጣው በዚሁ መልክ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን «ፓዲስ» በተባለው ክፍሉ አማካይነት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። መልእክቶቹ ይጠራቀሙና በስልክ ወደ ለንደን ተደውሎ አንድ ላይ ይላካሉ፤ የመጣውም አንድ ላይ ይወርዳል። ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል የተከፈተው በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ መስመር ያስገባ ሰው ደውሎ ደብዳቤውን ያወርዳል፣ መስመሩን ይዘጋል፣ ረጋ ብሎ ያነባል፣ መልሱን ጽፎ እንደገና ይደውላል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር።

ታዲያ ኮምፒዩተሩ ፎርማት ሲደረግ የሚሆነው ምንድን ነው? አውትሉክ ኤክስፕረስ ደብዳቤዎችን የሚያስቀምጠው ሰው ጽሑፉን በሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረም። በዊንዶውስ ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ ከተራ ተጠቃሚ በተሰወረ፣ ስሙም ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር በሆነ አቃፊ ውስጥ ነበር። ስለዚህ «ጽሑፎቼን» ብሎ ያስወጣ ሰው ደብዳቤዎቹን ትቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ ስንት የፍቅር ደብዳቤ፣ ስንት የቤተሰብ ምክር፣ ስንት የሥራ ውል እንደጠፋ ማን ቆጠረው? ባለቤቶቹ ማጥፊያ ቁልፍ እንኳ አልተጫኑም። ኖርዝ ሊያጠፋ ፈልጎ አቃተው፤ እኛ ልናስቀምጥ ፈልገን አቃተን። ልዩነቱ ዴመን መኖሩና አለመኖሩ ነው።

የእኔ ጠጋኝ ጎበዝ ልጅ ነበርና የተሰወረውን አቃፊ አግኝቶ በሲዲ ቀዳልኝ። እቤት ገብቼ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ላስገባ ስሞክር ግን ፕሮግራሙ አልከፍትም አለ። ሁለት ቀን ደከምኩ። ምክንያቱን በኋላ ስሰማ ሳቄ መጣ። ሲዲ ላይ የተቀዳ ፋይል ተመልሶ ሲገለበጥ «ለንባብ ብቻ» የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ሊጽፍበት የማይችለውን ሣጥን አይቀበልም። ምልክቱን ከፋይሎቹ ላይ ማንሳት ብቻ በቂ ነበር። እንዲህ ያለች ጥቃቅን ነገር ናት የስድስት ዓመት ደብዳቤ ይዛ የምትቀመጠው!

ሣጥኑ ተከፈተ። የእህቴ ደብዳቤዎች ተደርድረው መጡ፤ እሰይ አልኩ። እህቴ በኋለኞቹ ዓመታት የአማርኛ መጻፊያ አግኝታ ደብዳቤዋን በአባሪ ትልክልን ነበር። አንዱን አባሪ ስከፍት ግን ገጹ በማይነበብ የምልክት መዓት ተሞልቷል። በዚያን ዘመን የአማርኛ መጻፊያዎች በየድርጅቱ በየራሱ ስልት የተሠሩ ነበሩ። ኮምፒዩተሩ ፊደሉን እንደ «ሀ» ወይም «ለ» አያውቀውም፤ የላቲኑን ቦታ ወስዶ የኛን ቅርጽ የሚለብስ የፊደል ልብስ ነበር። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ልብሱ አብሮ ጠፋ፤ ደብዳቤውም ራቁቱን ቀረ። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው 3ኛው የዩኒኮድ ዕትም ሲሆን፣ ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፊደል ይዞ መምጣት የጀመረው ደግሞ «ቪስታ» ከተባለው ጀምሮ፣ በ2007 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈውን ለማንበብ ዛሬም ያንኑ የጥንት ልብስ መፈለግ ግድ ይላል። እኔም ከወዳጅ ተበድሬ ጫንኩት፤ የእህቴም ቃል ተነበበ።

የቀረው «የተላኩ» የሚለው ሣጥን ነው፤ የእናቴ ደብዳቤዎች ያሉበት። ያ ፋይል ግን ቫይረሱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ተበላሽቶ ኖሯል። ሲዲው በታማኝነት የቀዳልኝ የተበላሸውን ነበር።

ያልተሞከረ ቅጂ

ሰው በራሱ ላይ ሲደርስ ሞኝ እኔ ብቻ ይመስለዋል። በዚያው ወቅት በአሜሪካ ቤተ መንግሥት የነበረውን ብሰማ ኖሮ በተጽናናሁ ነበር። እላይ ያወሳነው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ቤተ መንግሥቱ መልእክቶቹን በራሱ ጊዜ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ተሠርቶለት ነበር። ከ2002 ጀምሮ ግን የልጅየው ቡሽ መንግሥት የኢሜይል ፕሮግራሙን «ሎተስ ኖትስ» ከተባለው ወደ ማይክሮሶፍት «ኤክስቼንጅ» ቀየረ። የድሮው ማስቀመጫ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር አልሠራ አለ። ስለዚህ ሠራተኞች መልእክቶቹን በእጃቸው፣ ማንኛችንም በቤታችን በምንጠቀምበት የአውትሉክ ፋይል ዓይነት፣ እየሰበሰቡ ያስቀምጡ ጀመር። መጠባበቂያ ቴፖቹም እስከ ኦክቶበር 2003 ድረስ እየተደመሰሱ ሌላ ይቀዳባቸው ነበር።

በኋላ ሲታይ የብዙ ቀናት መልእክት የለም። ናሽናል ሴኩሪቲ አርካይቭና ክሩ የተባለው ሌላ ተቋም በ2007 ከሰሱ። ጉዳዩ በዲሴምበር 2009 በስምምነት ሲያልቅ 22 ሚሊዮን የሚሆኑ መልእክቶች መገኘታቸው ተነገረ። አብዛኞቹ ያለ ቦታቸው፣ ያለ ስማቸው ተቀምጠው የነበሩ ናቸው። ከዚህ ሌላ የ94 ቀናት መልእክት ከቴፕ እንዲመለስ ተስማሙ። ክፋት ሳይኖር እንኳ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጠፋ ከዚህ ይታያል። የሚጠፋው ቤት ሲቀየር ነው፤ ዕቃ ሲጓጓዝ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2011 አንዳንድ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ጎግል በሰጠው መግለጫ ችግሩ የነካው ከተጠቃሚዎቹ 0.02 በመቶ የሚሆኑትን ነው። ኩባንያው የእያንዳንዱን ሰው ደብዳቤ በተለያዩ ማዕከሎች በብዙ ቅጂ ያስቀምጥ ነበር። ነገር ግን የገባው የፕሮግራም ስህተት ቅጂዎቹንም አብሮ ነካቸው። አንድ መስመር ላይ የተያያዙ ቅጂዎች ሲታመሙም አብረው ይታመማሉ። ያዳናቸው ከመስመሩ ተለይቶ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ያ የ1960ዎቹ ዘመድ፣ ማግኔት ቴፕ ነው። ከቴፕ መመለሱ ሰዓታትን፣ ለአንዳንዱም ቀናትን ፈጀ፤ ደብዳቤዎቹ ግን ተመለሱ።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ታሪኮች አንድ ነገር ይወጣል። ቅጂ ቅጂ የሚባለው ተሞክሮ ሲከፈት ነው። እስከዚያ ድረስ ተስፋ ነው። እኔ ሲዲውን እዚያው ጠጋኙ ቤት፣ አሮጌው ዲስክ ገና ሳይደመሰስ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አስከፍቼው ቢሆን ኖሮ የተላኩት ሣጥን መበላሸቱን ዐውቅ ነበር። የድሮ ደብተራዎች አንድ መጽሐፍ ሲገለብጡ ቅጂውን ከዋናው ጋር ፊት ለፊት አስቀምጠው ያስተያዩ ነበር። ማስተያየቱ የመገልበጡ ግማሽ ነው። እኛ ግን መገልበጡን ለማሽኑ ስንሰጥ ማስተያየቱን ረሳነው።

ተቀባዩ ያስቀመጠው

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ስለ ሌላ የጠፋ ደብዳቤ አሰብኩ። በ1862 ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ማጣቱን፣ ከዚያም የመጣውን ጦስ የማያውቅ የለም። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፣ ጦር መጣ፣ በ1868 መቅደላ ተያዘ፣ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፣ አምባው ተዘርፎ ተቃጠለ። ላኪው ጠፉ፤ ቤታቸውም ነደደ። ደብዳቤው ግን ዛሬም አለ፤ ለንደን በእንግሊዝ ቤተ መዛግብት ውስጥ። መልስ የነፈገው ተቀባይ ደብዳቤውን አልጣለውም። ስዊድናዊው የታሪክ ምሁር ስቬን ሩበንሰን የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ደብዳቤዎች ሲያሰባስብ ብዙዎቹን ያገኘው እንዲሁ በተቀባዮቹ አገሮች ቤተ መዛግብት ነው። የዐፄ ቴዎድሮስንና የዘመነኞቻቸውን ደብዳቤዎች የያዘው ቅጽ በ1994 ታትሟል። የአገራችን ታሪክ አንድ ክፍል ተርፎ የተገኘው በተቀባዩ ሣጥን ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሳስብ ወደ ዋሽንግተን ደወልኩ። «እትዬ፣ የእማዬን ደብዳቤዎች አጥፍቻቸዋለሁ» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «አንተ ጋ ይጥፉ እንጂ እኔ ጋ አሉ። አንዱንም አልጣልኩም» አለችኝ። እህቴ የምትጠቀመው በድረ ገጽ የሚከፈት ሣጥን ስለነበር ደብዳቤዎቹ ከአገልጋዩ ኮምፒዩተር ወርደው አያውቁም። በዚያው ሳምንት ሌሊት እየተነሣች አንድ በአንድ መልሳ ላከችልኝ።

መጡ። ነገር ግን ሁሉም የአንድ ሳምንት ደብዳቤዎች ሆነው መጡ። መልሶ የተላከ ደብዳቤ የሚይዘው የተመለሰበትን ቀን ነውና! በስድስት ዓመት የተናገረቻቸው የእናቴ ቃሎች በአምስት ሌሊት የተጻፉ መስለው ተደረደሩ። የዋሽንግተኑ ክርክር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ደብዳቤው ተመልሶ ፖስታው ቀርቷል። ደግነቱ በእያንዳንዱ ውስጥ የድሮው ቀን በጽሑፍ ተጠቅሶ ነበር። እኔም በደብተር ላይ እየጻፍኩ በየቀናቸው አሰለፍኳቸው።

እናቴ በ2001 ዓ.ም. አረፈች። ደብዳቤዎቹ ዛሬ ሦስት ቦታ አሉ። እኔ ጋ፣ እህቴ ጋ፣ ደግሞም በወረቀት ታትመው በእናቴ ሣጥን ውስጥ፣ ከጋብቻዋ ወረቀት ጋር። በየዓመቱ ለፋሲካ ሰሞን ፋይሉን እከፍተውና ከወረቀቱ ጋር አስተያየዋለሁ። አንዱ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ይኼ ወንድምሽ የምለውን ሁሉ አይጽፍም፤ ያሳጥረዋል መሰለኝ።» እውነቷን ነበር፤ አሳጥረው ነበር። ያሳጠርኩትን ግን ከየትኛውም ቴፕ ላይ መመለስ አይቻልም።